በጋላባት ሰማይ የወደቁት አብራሪዎች



የማኅበራችንን የብር ኢዮቤልዩ ስናከብር ከራሳችን ታሪክ ጋር የምንኖርበትን ምድር ታሪክም ማስታወስ ይገባናል። እኛ ዶካ የከረምን ኢትዮጵያውያን ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ከፍተን፣ ሰሊጥና ቡና ሸጠን ልጆች አሳድገናል። ይህ መንገድ አንድ ዘመን ለነፃነታችን የሚዋጋ ጦር የሄደበት መሆኑን ግን ብዙዎቹ ልጆቻችን አያውቁም።

ጣሊያን ጋላባትን የያዘው ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ነበር። እንግሊዞች የመተማን በር ከፍተው ለጎጃምና ለበጌምድር አርበኞች መሣሪያ ለማስገባት ስላሰቡ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ማጥቃት ጀመረ። የጋላባት ምሽግ በዚያው ጠዋት ተያዘ።

ችግሩ የመጣው ከሰማይ ነው። የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ግላዲያተር በሚባሉ ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላኖች የተነሡት አንድም ሁለትም እየሆኑ ነበር። የጣሊያን ፊያት አውሮፕላኖች ግን በብዛት ሆነው ጠበቋቸው። የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ስኳድሮን አዛዥ ሜጀር ሻልክ ቫን ስካልክዊክ ተመትቶ ሕይወቱ አለፈ። ካፒቴን ብራያን ቦይል ቆስሎ አውሮፕላኑን እንደምንም መሬት ላይ አሳርፎ ተረፈ። ከእንግሊዝ አየር ኃይልም የሞቱ ነበሩ።

አገሩን የምናውቅ ሰዎች በዚህ ምድር በግድ ማረፍ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋንም። በጥቅምት ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከሥሩ ዋልካው ተሰነጣጥቋል። የግላዲያተር ጎማ ወደ ውስጥ የማይታጠፍ ስለሆነ፣ ስንጥቅ ወይም ድንጋይ ከያዘው አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሊተከል ይችላል።

ሰማዩ ለጣሊያን ስለቀረ በጋላባት የነበረው ጦር በቦምብ ተደበደበና በማግሥቱ ለቆ ወጣ። ጣሊያን መተማን የተወው በጥር ወር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን፣ እነዚያ አብራሪዎች ከወደቁ ልክ በስድስተኛው ወር ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው ርቀው፣ ስሟን እንኳ በቅጡ በማያውቋት ከተማ አጠገብ ሞቱ። እኛም የሰው አገር ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በዚሁ መንገድ ወደ መተማ ሲጎርፍ፣ ያለ ደራሽ ብቻ መቅረትን እንደገና አየነው።

ያ ጠዋት ለማኅበራችንም ትምህርት ነው። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው አብሮ መነሣት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። አባል ሲታመም፣ ሲሞት፣ ሲሰደድ፣ አንድ አንድ ሆነን ሳይሆን ተሰብስበን እንድረስ።

ነፍሳቸውን ይማር።