አጥሩ

ከገርጂ ተነሥቶ ቦሌ መድኃኔዓለምን ለመሳለም የሚሄድ ሰው የአዲስ አበባን የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያነበው በእግሩ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ባሻት በኩል ተሻግራ ትደርስ ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከቦሌ ወደ መገናኛ የተዘረጋው የቀለበት መንገድ ሰፈራችንንና ደብሩን ለያያቸው። መኪና ሳይቆም እንዲያልፍ መሐሉ ተከለለ፤ እግረኛም በመሸጋገሪያ ድልድይ ወጥቶ እንዲወርድ ተባለ። ብዙው ሰው ደረጃውን ትቶ ግንቡን ዘለለ። ብዙዎቻችን ይህን የሥርዓት ጉድለት አልነው። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ግን ያን መንገድ «አጥሩ» እንጂ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። ዛሬ ሳስበው፣ ቃሏ ከእኛ ፍርድ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ በእግሩ ለሚጓዝባት ከተማ የተሠራው የመኪና ጎዳና ነበርና።

በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ከአያት በመገናኛ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች መመላለስ ሲጀምር ደስታችን ታላቅ ነበር። አጭሩን ጉዞ በ2 ብር፣ ረጅሙን በ6 ብር ሄድን። ይሁን እንጂ ባቡሩም የራሱን አጥር ይዞ መጣ፤ በሲኤምሲ በኩል ፊት ለፊት የሚተያዩ ጎረቤታሞች ለመገናኘት መዞር ግድ ሆነባቸው። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙም ተሳፋሪው ወደ ሚኒባስ ሰልፉ ተመለሰ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በተባለው መርሐ ግብር ጎዳናዎች ለአንድ ማለዳ ከመኪና ነጻ ሆኑ። ሕፃናት አስፋልቱ ላይ ሮጡ። ገሚሱ ሰው «የቅንጦት ነው» ሲል፣ እናቴ ስሙን ሰምታ «ድሮስ ለማን ኖሯል?» አለች።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያው የቦሌ–መገናኛ መንገድ በኮሪደር ልማት መልኩን ለውጧል፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት አግኝቷል። በከተማይቱ ግን ለዚሁ ሥራ ሲባል የመንገድ ዳር ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ ብዙ ነዋሪም ወደ ዳር ሰፈሮች ተዛውሯል። ስለዚህ ለውጡን የሚያመሰግነውና የሚያዝንበት ሰው ሁልጊዜ ሁለት ሰው አይደለም።

ባለፈው እሑድ እናቴን ደግፌ ወጣን። አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብላ፣ «እግዜር ይስጣቸው፤ አሁን መንገድ ሆነ» አለች። ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ ግን፣ ድሮ ሲደክማት ውሃ የምታጠጣትን ባለ ሱቅ ጠየቀችኝ።

«እዚህ ጋ አልነበረችም እንዴ? ወዴት ሄደች?»

የምመልስላት አላገኘሁም። ተነሥተን ወደ ደብሩ ቀስ እያልን አዘገምን።