የቤት እንስሳት የሥዕል መጽሐፍና የሕፃናት ትምህርት፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

የላም፣ የበግ፣ የዶሮና የአህያ ሥዕል የያዘ መጽሐፍ በመዋዕለ ሕፃናት ዘንድ በሰፊው የታወቀ የትምህርት መሣሪያ ነው። አጠቃቀሙም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። መምህርቷ ሥዕሉን ታሳያለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ሕፃናቱም በኅብረት ይደግማሉ። ይሁን እንጂ ይህን መሣሪያ ለትምህርት ያበቁት ሰዎች ከመደጋገም የላቀ ዓላማ እንደነበራቸው ከታሪኩ ለመገንዘብ ይቻላል። ለእነርሱ ሥዕሉ ሕፃኑን ወደ እንስሳው፣ ከእንስሳውም ወደ ንግግርና ወደ እንቅስቃሴ የሚያደርስ መንገድ ነበር።

ሀ. የኮሜኒየስ መጽሐፍ

በሞራቪያ በ1592 የተወለደው መምህርና ጳጳስ ያን አሞስ ኮሜኒየስ፣ ለሕፃናት ከተዘጋጁት ባለሥዕል የመማሪያ መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት አንዱን፣ «ኦርቢስ ሰንስዋሊዩም ፒክቱስ»ን፣ በ1658 በኑረምበርግ አሳተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በላቲንና በጀርመንኛ የተጻፉ 150 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ነገር ከስሙ ጋር በቁጥር ተያይዟል። ከምዕራፎቹም መካከል ስለ ቤት አዕዋፍ፣ ስለ መንጋና ስለ ጭነት ከብት የሚናገሩ ይገኛሉ።

በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያለው የፊደል ሠንጠረዥ በአመዛኙ በእንስሳት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። ሕፃኑ የበግ ጠቦት «ቤ» ስትል የሰማውን ይዞ ወደ ፊደሉ ይቀርባል። ይህ ዘዴ ለአማርኛ መምህር የተለየ ትርጉም አለው። የላቲኑ ፊደል ተናባቢውን ብቻ ሲወክል፣ የአማርኛው ፊደል ተናባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ የጠቦቷ ድምፅ ሳይቀነስ አንድ ፊደል ይሆናል። ኮሜኒየስ በመቅድሙ፣ ሲቻል ነገሩ ራሱ እንዲታይ፣ ሕፃናቱም ሥዕሎቹን በእጃቸው እንዲስሉ መምከሩ ሊዘነጋ አይገባም።

ለ. ፍሮበልና የእጅ ጨዋታ

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል የሕፃናት ተቋሙን በባድ ብላንከንቡርግ በ1837 ከፍቶ፣ በ1840 «ኪንደርጋርተን»፣ ማለትም «የሕፃናት አትክልት ቦታ»፣ የሚል ስም ሰጠው። በ1844 ያወጣው የእናቶች መጽሐፍ ሥዕልን፣ መዝሙርንና የእጅ ጨዋታን አጣምሮ ይዟል። ከጨዋታዎቹም መካከል ጫጩቶችንና ርግቦችን በእጅ ምልክት መጥራት ይገኝበታል። በዚህ ዘዴ በገጹ ላይ ያለው እንስሳ በሕፃኑ ጣቶች አማካይነት ይንቀሳቀሳል። የፕሩሺያ መንግሥት በ1851 እነዚህን ተቋማት ቢያግድም፣ እገዳው በ1860 ተነሥቷል። ፍሮበል ግን ይህን ሳያይ በ1852 ዐርፎ ነበር።

ሐ. የዶሮዋ ሮዚ ጉዞ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከወጡት የዚህ ዓይነት መጻሕፍት በ1968 የታተመው የእንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ «ሮዚስ ዎክ» በምሳሌነት ሊጠቀስ ይችላል። ጽሑፉ 32 የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ያሉት ሲሆን፣ አንዲት ዶሮ በገበሬ ግቢ ውስጥ ያደረገችውን ጉዞ ይተርካል። ቀበሮ ከኋላዋ ሲከተላት በሥዕሉ ላይ ቢታይም፣ ጽሑፉ ስለ ቀበሮው አንድም ቃል አይናገርም። ስለዚህ «ምን ታያላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በሕፃናቱ ዘንድ ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የቦታና የአቅጣጫ መስተዋድዶችን ለማስተማር ያገለግላል። በአማርኛ ግን የአካሄዱ ትርጉም በአብዛኛው በግሡ ላይ ያርፋል፤ ዶሮዋ ኩሬውን ዞራ፣ ክምሩ ላይ ወጥታ፣ በአጥሩ ሾልካ ትሄዳለች። በመሆኑም ሕፃናቱ ራሳቸው እየዞሩ፣ እየወጡና እየሾለኩ ድርጊቱን በቃል ቢገልጹ፣ ቃላቱን ከትርጉማቸው ጋር ይይዛሉ።

መ. ሥዕልን መረዳትም ይለመዳል

በ1972 ጃን ዴሬጎውስኪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩትን ሜኢኒቶች ይመለከታል። በዚያን ጊዜ ወረቀትን ያልለመዱ ሰዎች በወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው፣ ወረቀቱን ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ አጨማደዱት፤ ለሥዕሉ ግን ትኩረት አልሰጡም። የእንስሳት ሥዕል በሚያውቁት በጨርቅ ላይ ተስሎ ሲቀርብላቸው ግን፣ ጊዜና ጥረት ቢጠይቅም፣ አብዛኞቹ እንስሳቱን ለይተዋል። እንግዳ ሆኖ የተገኘው ወረቀቱ ነበር። እንስሳቱንማ ከሥዕሉ አዘጋጅ ይልቅ ሳያውቁ አይቀሩም።

ሠ. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በ2010 የቅድመ መደበኛ ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ፣ መጻሕፍትን ማዳረስ ከዕቅድ አውጪዎች ዐበይት ተግባራት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጥጃና ጠቦት እየጠበቀ ያደገ የገጠር ሕፃን የትኛዋ ላም እንደምትራገጥ፣ የትኛዋ በግ ከመንጋው እንደምትለይ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሕፃን የላም ሥዕል አሳይቶ «ይህች ምንድን ናት?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ዕውቀቱን ከክፍሉ ደጃፍ እንዲያስቀር ያደርገዋል። ስለሆነም ሕፃኑ በቅድሚያ ያየውን ይናገር፤ ላሟን በጭቃ ይሥራ፤ የእንስሳቱን ድምፅና አካሄድ በጨዋታ ያሳይ። ሥዕሉና የተጻፈው ስም ከዚያ በኋላ ይቅረቡለት። ዶሮን ከበዓል ሰሞን በቀር እምብዛም ለማያይ የከተማ ሕፃን ግን ሥዕሉ ሊቀድም ይችላል፤ ነገር ግን እንስሳውን የሚያይበት ጉብኝት ሊከተለው ይገባል።

ጭቃና የትምህርት ቤት ግቢ በየትም ይገኛሉ። የሚያስፈልጉት በጊዜ ሰሌዳው ላይ ለእነዚህ ተግባራት የተመደበ ክፍለ ጊዜና ይህንኑ በተግባር የተለማመደች መምህርት ናቸው። ስለዚህ የዕቅድ አፈጻጸም ሲገመገም ከተዳረሱት መጻሕፍት ብዛት ጎን ለጎን፣ ሕፃናቱ ስለሚያውቁት እንስሳ እንዲናገሩ የተሰጣቸው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ ሊመዘገብ ይገባል።