የተቆጠረ ስፌት፦ የካሬ ንድፍና የስፒል ትራስ ታሪክ

ስፒልና መርፌ የሚሰካበት ትንሽ ትራስ በልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ዝቅተኛ ግምት የሚሰጠው ነው። ይሁን እንጂ በላዩ የተጠለፈው ጌጥ የመሐንዲስን ሙያ የሚነካ አንድ ጥያቄ ያዘለ ነው፤ ይኸውም የአንዱን ባለሙያ ሥራ፣ ሠሪውን አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው በሩቅ አገር ሆኖ ሳያዛባ ሊደግመው የሚችለው በምን ዘዴ ነው የሚል ነው።

የመስቀል ጥልፍ አሠራር ቀላል ነው። ሁለት አጫጭር ስፌቶች በሰያፍ ተላልፈው አንዲት መስቀል ይሠራሉ፤ መስቀሎቹም ተደርድረው አበባ፣ ወፍ ወይም ፊደል ይሆናሉ። የጥለት ሸማኔ ድሩን እየቆጠረ ጥበቡን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ጥልፍ ሠሪዋም የጨርቁን ድርና ማግ እየቆጠረች ትሄዳለች። የላይኛው ስፌት በመላው ሥራ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ ብርሃን በክሩ ላይ እኩል ስለማያርፍ ገጽታው ይዥጎረጎራል።

ይህ ቆጠራ በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የተጠበቀው በጨርቅ ላይ ነበር። ሴቶች ያዩትን ጌጥ በናሙና ጨርቅ ላይ እየጠለፉ ያስቀምጡ ነበር። ጄን ቦስቶክ የተባለች እንግሊዛዊት በ1598 እ.ኤ.አ. ስሟንና ዓመቱን ጽፋ የተወችው የናሙና ጨርቅ ዛሬም ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ሆኖም ጨርቁ አንድ በመሆኑ ሊያየው የሚችለው በአጠገቡ የተገኘ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ገደብ ያነሳው ኅትመት ነው። በ1520ዎቹ መጀመሪያ ዮሐን ሸንስፔርገር በአውግስበርግ፣ በ1527 ፔተር ክቬንተል በኮሎኝ የንድፍ መጻሕፍት አሳተሙ። በ1587 በፓሪስ የታተመው የፌዴሪኮ ቪንቾሎ መጽሐፍ ደግሞ ሥዕሎቹን በካሬ መረብ ከማቅረቡም በላይ የካሬዎቹን ቁጥር ጭምር ይገልጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጌጥ በቁጥር የሚተላለፍ ነገር ሆነ።

ትራሱም የራሱ ታሪክ አለው። ስፒል በእጅ በሚሠራበት ዘመን እንደ ዋዛ የሚጣል አልነበረም። አዳም ስሚዝ በ1776 እንደጻፈው፣ ሥራው ወደ 18 በሚጠጉ ደረጃዎች ተከፋፍሎ 10 ሠራተኞች በቀን 48,000 ስፒል ያወጡ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራ ግን 20 እንኳ ማውጣቱ ያጠራጥር ነበር። በ1832 አሜሪካዊው ጆን ሃው ለስፒል መሥሪያ መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። ትራሱ በሱፍ፣ በፉርሽካ ወይም በሰጋቱራ ይሞላል፤ አንዳንዶቹ ዝገት እንዲጠርጉ ኤመሪ በተባለው የድንጋይ ዱቄት ተሞልተው ይሠሩ ነበር።

የካሬ ንድፍ በሰፊው የተሠራጨው በበርሊን ነው። ፊሊፕሰን የተባለ አሳታሚ በ1804 ገደማ ጀመረው፤ ከ1810 ጀምሮ የቪቲሽ ማተሚያ አስፋፋው። በመዳብ ሰሌዳ የታተመው መረብ ካሬ በካሬ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር። እስከ 1840 ገደማ ወደ 14,000 የሚደርሱ ንድፎች እንደወጡ የዘመኑ መጻሕፍት መዝግበዋል። ሥዕል ያልተማረች ሴት እንኳ መቁጠር ከቻለች በገዛ ቤቷ ጌጠኛ ትራስ ለመሥራት በቃች።

ትርፉ ግን ያለ ኪሳራ አልተገኘም። ቀለሙንም መስመሩንም የሚወስነው አሳታሚው ስለሆነ፣ የሴቲቱ ድርሻ መከተል ብቻ ሆነ የሚል ነቀፌታ ተነሣ። በ1872 በለንደን የተቋቋመው የጥልፍ ትምህርት ቤት ከዓላማዎቹ አንዱ የተዳከመውን የጌጥ ጥልፍ ማንሣት፣ ሌላው ኑሮ ለከበዳቸው የተማሩ ሴቶች ሥራ መስጠት ነበር።

ነቀፌታው እውነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። የካሬ ንድፍ ቁጥርን እንጂ መጠንን አይወስንም። ጎኑ 60 ካሬ የሆነ አንድ ንድፍ፣ በሴንቲሜትር 6 መስቀል በሚይዝ ጨርቅ ላይ 10 ሴንቲሜትር፣ 5 በሚይዝ ላይ 12 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጨርቁን መምረጥ፣ ክሩን ሳያጠብቁና ሳያላሉ መሳብ፣ ትራሱን ሳይጎብጥ መሙላት ለሠሪዋ የተተወ ነው። በጠረጴዛው ላይ ተንጠባጥቦ የነበረው ስፒል በመጨረሻ የሚሰካው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን፣ እሷ በወሰነችው ትራስ ላይ ነው።