ብርቱካናማዋ ሸሚዝ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ዶግ ክሪክ በሚባል የነባር ሕዝቦች መንደር ፊሊስ የምትባል ልጅ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። በ1973፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ስድስት ዓመት ሞላትና ትምህርት ቤት መግቢያዋ ደረሰ። አያትየው እጅ ቢያጥራቸውም ከተማ ወስደው ልብስ ገዙላት። እሷ የመረጠችው ብርቱካናማ ሸሚዝ ነው፤ ፊት ለፊቱ በክር የሚታሰር። አዲስ ልብስ የተገዛለት ልጅ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ!

ሴንት ጆሴፍ ሚሽን ከተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ስትደርስ ግን ልብሷን አስወለቋት። ሸሚዟን ዳግም አልለበሰቻትም።

ልጅቷ አድጋ ፊሊስ ዌብስታድ ተባለች። በ2013 ታሪኳን በአደባባይ ተናገረች፤ ሴፕቴምበር 30 ሰዉ ብርቱካናማ የሚለብስበት ቀን ሆነ። በ2018 ደግሞ ታሪኩ የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ሕፃናት አልፈዋል። የካናዳ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2015 ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች አንዱ ይህ ታሪክ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ይሰጥ ይላል። መቶ ሃምሳ ሺህ ማለት ለስድስት ዓመት ልጅ ምኑ ነው? የተቀማች ሸሚዝ ግን ወዲያው ይገባዋል። በበኩሌ፣ ሴፕቴምበር 30 ብርቱካናማ አልብሶ፣ ፎቶ አንስቶ ልጆቹን የሚሸኝ ትምህርት ቤት አይዋጥልኝም።

ታሪኩን ለልጆች የሚነግሩ ሌሎች የሥዕል መጻሕፍትም አሉ። ዴቪድ ሮበርትሰን ጽፎ ጁሊ ፍሌት በሣለችው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ልጅ አያቷን ትጠይቃለች፦ ለምን ደማቅ ልብስ ትወጃለሽ? ጸጉርሽን ለምን አስረዘምሽው? አያት ይመልሳሉ፦ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ጸጉራችንን ቆረጡን፤ ሁላችንንም አንድ ዓይነት አለበሱን፤ በቋንቋችን በክሪ እንዳንናገር ከለከሉን። ብቻችንን ስንሆን ግን የበልግ ቅጠል ልብሳችን ላይ እናደርግ፣ ረጅም ሣር ከአጭሩ ጸጉራችን ጋር እንጎነጉን፣ በቋንቋችን እናንሾካሹክ ነበር። እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን የምወደው፤ ልጆቹ ተበድለውም ብልሃት አላጡም።

ጄኒ ኬይ ዱፒዊስ ከካቲ ኬሰር ጋር የጻፈችው ደግሞ የገዛ አያቷን የአይሪንን ታሪክ ነው፤ በ1928፣ በስምንት ዓመቷ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስዳ በስሟ ፈንታ 759 የተባለችውን። ለበጋ ዕረፍት ቤቷ ስትመለስ የወሰዳት የመንግሥት ወኪል ዳግም መጣ፤ አባቷ ልጆቹን ደበቁ፣ አልሰጥም አሉ።

ታዲያ ሌሎቹ አባቶች ለምን አልደበቁም? ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። መምህሩ ያኔ ሥዕሉን ትቶ ስለ 1920ው ሕግ ይንገረው፤ ልጆቹን መላክ ግዴታ ነበር፣ እምቢ ያለ ወላጅ መቀጮ ወይም እስር ይጠብቀው ነበር።