በስም የሚጠራ እረኛ

አያቴ መቁጠር አታውቅም ነበር። እኔ ግን ቁጥር የተማርሁ ልጅ ነበርሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ እርሷ ዘንድ እሄድና በጎቿን እጠብቃለሁ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ከጉረኖው በር ላይ ቆሜ በጣቴ እየጠቆምሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሁ አስገባቸዋለሁ። አንድ ቀን ቆጥሬ ሳልጨርስ፣ ከደጃፏ ተቀምጣ እንዝርቷን የምታሾረው አያቴ ቀና አለችና "ቦቃዋ የት ቀረች?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ቆጥሬ የምደርስበት ስንት እንደ ጎደለ ነበር፤ እርሷ ሳትቆጥር ያወቀችው ማን እንደ ጎደለች ነበር።

ከዚያው ቤት ሌላም ትዝታ አለኝ። እናቱ የሞተችበትን አንድ ግልገል በእጄ ወተት እያጠጣሁ አሳደግሁት፤ ስምም አወጣሁለት። ስሙን ስጠራ ከመንጋው ተለይቶ ወደ እኔ ይሮጥ ነበር። ጠቦት ሆኖ ፋሲካ ሲደርስ ግን ለሌላ ሰው አልያዝ አለ፤ ስለዚህ እኔ እንድጠራው ታዘዝሁ። ጠራሁት፤ መጣ። የቀረውን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ያነሣሁት የልጅነቴን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። የዮሐንስን ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ባነበብሁ ቁጥር ያ ጠቦት ፊቴ ላይ ድቅን ስለሚልብኝ ነው። በዚያ ምዕራፍ ክርስቶስ ራሱን መልካም እረኛ ይላል፤ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል፤ እነርሱም ድምፁን ለይተው ያውቃሉ፤ እርሱ ደግሞ ስለ እነርሱ ሕይወቱን ይሰጣል። ስም መጥራቱንና ድምፅ መለየቱን በግ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። የመጨረሻው ግን የምናውቀውን ሥርዐት የሚገለብጥ ነው። በግ ለእረኛው ይሞታል እንጂ እረኛ ለበጉ ሲሞት ማን አይቶ ያውቃል?

የቃሉን ታሪክ ወደ ኋላ ስንከተል እንግዳነቱ ይበልጥ ይገለጣል። "እረኛ" በጥንቱ ዓለም የነገሥታት ማዕርግ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ፣ ሕጉን ባስቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ መግቢያ ላይ ራሱን እረኛ ብሎ ይጠራል፤ ያ ድንጋይ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። የግብፅ ፈርዖኖች በእጃቸው ቆልማማ የእረኛ በትር ይዘው ይሣሉ ነበር። ሆሜርም በኢሊያድ አጋሜምኖንን የሕዝብ እረኛ ይለዋል፤ ይሁን እንጂ ያ እረኛ ገና በታሪኩ መጀመሪያ በግትርነቱ በገዛ ሠራዊቱ ላይ መቅሠፍት የሚያመጣ ንጉሥ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ዘንድ መንጋው የእረኛው ሀብት ነው። እረኛው ይጠብቀዋል፤ ይቆጥረዋል፤ ሲፈልግም ይሸልተዋል፤ ያርደዋል። ይህን ምሳሌ ከገዥዎች እጅ ነጥቆ መልሶ የከሰሳቸው ነቢዩ ሕዝቅኤል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በባቢሎን ምርኮ ሳለ፣ በመጽሐፉ 34ኛ ምዕራፍ የእስራኤልን እረኞች ራሳቸውን እያደለቡ ደካማዋንና የታመመችውን ችላ በማለታቸው ይወቅሳቸዋል፤ እግዚአብሔርም ራሱ እረኛ ሆኖ የጠፋችውን እንደሚፈልግ ይናገራል። በኢየሩሳሌም የክርስቶስን ንግግር የሰሙት ይህን ትንቢት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ንግግሩ ከምን እንደሚነሣም ማስተዋል ይገባል። የምዕራፍ ቁጥሮች በመካከለኛው ዘመን የገቡ ናቸውና 10ኛው ምዕራፍ የ9ኛው ቀጥተኛ ተከታይ ነው። በ9ኛው ምዕራፍ ዕውር ሆኖ የተወለደ ለማኝ አለ። በሰሊሆም መጠመቂያ ታጥቦ ዐይኑ ሲበራ የፈወሰው ሰው በአጠገቡ አልነበረም፤ ድምፁን ሰምቷል እንጂ ፊቱን አላየም። ወላጆቹ ፈርተው መልሱን ለእርሱ ተዉለት፤ የሃይማኖት አለቆችም ስለ መሰከረ አባረሩት። ኢየሱስ ግን መባረሩን ሰምቶ አገኘው። ስለ እረኛና ስለ ምንደኛ የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ድምፅ ለይቶ የሚያውቀው የመጀመሪያው በግ፣ ያ ከጉረኖ የተባረረው ለማኝ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ወንጌላዊውም ይህን ነገር እስከ መጨረሻው አይለቀውም። አልዓዛር ከመቃብር የወጣው በስሙ ተጠርቶ ነው። መግደላዊት ማርያምም በትንሣኤ ማለዳ እያለቀሰች፣ አትክልተኛ የመሰላትን ሰው ያወቀችው ፊቱን በማየት ሳይሆን ስሟን ሲጠራ በመስማት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ይህን ምሳሌ አብልጠው ወደዱት። ስቅለቱን ከመሣላቸው ከብዙ ጊዜ በፊት እረኛውን ሥለዋል። ቅርጹን ከባዶ አልፈጠሩትም፤ ግሪኮች በትከሻው በግ የተሸከመውን ሄርሜስን ከጥንት ጀምሮ ይቀርጹ ነበር። እነርሱ የታወቀውን ቅርጽ ወስደው አዲስ ነገር አናገሩት። በሮም፣ ከምድር በታች ባለው በጵርስቅላ የመቃብር ዋሻ ውስጥ፣ በ3ኛው መቶ ዓመት በተሣለ ጣሪያ ላይ ይህ እረኛ ይታያል። በትከሻው የተሸከመው ግን በግ አይደለም፤ ፍየል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ፍየሎች በፍርድ ቀን ወደ ግራ እንደሚለዩ ያነበበ ሰው፣ ከዚያ ሥዕል በታች ጥቂት ሳይቆም አያልፍም።

ከሮም እጅግ ርቃ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ በዛሬዋ ሶርያ፣ ዱራ ኤውሮጶስ የምትባል ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ256 ዓ.ም. ገደማ የፋርስ ጦር ሲመጣባት፣ የሮም ወታደሮች ግንቡን ለማጠናከር ከጥጉ ያሉትን ቤቶች በአፈር ሞሏቸው። ከተማዪቱ ወደቀች፤ አፈሩ ግን ከቤቶቹ አንዱን ለዘመናት ጠብቆ አቆየ። ቤቱ የክርስቲያኖች መሰብሰቢያ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሲቆፍሩት፣ ከመጠመቂያው ገንዳ በላይ በትከሻው በግ የተሸከመ እረኛ ከነመንጋው ተሥሎ አገኙ፤ ከሥሩ ጥግ ደግሞ አዳምና ሔዋን አንሰው ተሥለዋል። ሥዕሉ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ወደዚያ ውኃ የወረደ ሰው ቀና ሲል የጠፉትንና የሚፈልጋቸውን በአንድ ግድግዳ ላይ ያይ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥት ጋር ስትወዳጅ ሥዕሉም ልብስ ለወጠ። በኢጣሊያ በራቬና ከተማ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት በተሠራውና የጋላ ፕላቺዲያ መቃብር በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ያለው እረኛ የወርቅ ቀሚስ ለብሷል፤ ሐምራዊ መጎናጸፊያ አለው፤ በትሩም የወርቅ መስቀል ሆኗል። በትከሻው የተሸከመው በግ የለም። ቢሆንም እጁን ዘርግቶ የአንዲቱን በግ ፊት ይዳስሳል። ከዚያ ወዲህ እረኛው ከግድግዳው እየራቀ ሄደ፤ በቦታው በዙፋን የተቀመጠው የሁሉ ገዥ ተሣለ። ነገሥታቱ የተነጠቁትን ማዕርግ ያስመለሱ ይመስላል።

በእኛ አገር ግን ቃሉ በዘመን መቁጠሪያ ውስጥ ቦታ አገኘ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከልደት በፊት ያሉትን ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ትሰይማቸዋለች። ኖላዊ በግእዝ እረኛ ማለት ነው። ሕፃኑ በበረት ከመተኛቱ በፊት እረኛነቱ ይታሰባል።

አሁን ወደ ጠቦቴ ልመለስ። በዮሐንስ አተራረክ ክርስቶስ የተሰቀለው በፋሲካ ዝግጅት ቀን፣ በኢየሩሳሌም የፋሲካው ጠቦቶች በሚታረዱበት ቀን ነው። በዋዜማው ሌሊት ችቦና መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወደ አትክልቱ ስፍራ ሲመጡ ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው፤ የሚፈልጉት እርሱን መሆኑን አረጋግጦም ደቀ መዛሙርቱን እንዲተዉአቸው ነገራቸው። ምንደኛ ቢሆን በዚያች ሌሊት መንጋውን ጥሎ ይሸሽ ነበር። እኔን የመሰለ እረኛ ቢሆን በጉን በስሙ ጠርቶ ለቢላዋ ያቀርብ ነበር። እርሱ ግን በበጎቹና በቢላዋው መካከል ቆመ።

ስም ማወቅ ብቻውን ፍቅር እንዳልሆነ የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። እኔም የጠቦቴን ስም ዐውቅ ነበር፤ ድምፄንም ያምነው ነበር። ገዥ ሁሉ፣ አባት ሁሉ፣ መምህርም ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው የሚመራቸውን በስማቸው ያውቃቸው እንደ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ሲጠራቸው ወዴት እንደሚጠራቸው ነው። ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ የካደ ሰው ነበር። ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር በስሙ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ተጠየቀ፤ በጎችን እንዲጠብቅም አደራ ተሰጠው። ከአደራው ቀጥሎ የተነገረው ነገር በምን ዓይነት ሞት እንደሚሞት ነው። የእረኝነት ዋጋ ምን እንደ ሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆን አይችልም።

ቦቃዋ የጠፋች ዕለት አያቴ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ በትሯን ይዛ ወጣች። መሽቶ ነበር፤ ከሩቅ የጅብ ጩኸት ይሰማል። እኔ የገቡትን ደግሜ እየቆጠርሁ በጉረኖው በር ቀረሁ። ከቁልቁለቱ በታች፣ ከጨለማው ውስጥ ግን የአያቴ ድምፅ አንዲቱን በግ በስሟ ሲጣራ እሰማ ነበር።