ኮምፒውተሩ የሄደበት፣ ዶሮው የቀረበት አዳራሽ

እ.ኤ.አ. በ1895 መኸር አትላንታ ውስጥ፣ ዛሬ ፒድሞንት ፓርክ በሚባለው ስፍራ፣ ቻርልስ ፍራንሲስ ጄንኪንስና ቶማስ አርማት የተባሉ ሁለት ሰዎች ጨለማ ክፍል አሰናድተው፣ መግቢያ 25 ሳንቲም እየጠየቁ ጎብኚ ይጠብቁ ነበር። የሚያሳዩት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው፤ መሣሪያውን ፋንቶስኮፕ ብለውታል። ዛሬ የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ያችን ክፍል በክብር ያነሷታል። በጊዜው ግን ገበያዋ ቀዝቃዛ ነበር። በጥጥ አምራች ግዛቶች ስም የተሰየመውን ያንን ታላቅ ዐውደ ርእይ ወደ 800 ሺህ ሰው ሲጎበኘው፣ ከፍሎ ጨለማ ውስጥ ለመቀመጥ የደፈረው ጥቂቱ ነው። በሚቀጥለው ሚያዝያ ይኸው የአርማት መሣሪያ ቫይታስኮፕ ተብሎ፣ በኤዲሰን ስም ኒውዮርክ ላይ ሲታይ ተመልካቹ ጉድ አለ።

ያ ዐውደ ርእይ የተከፈተው በፈረንጆቹ መስከረም 18 ቀን ነው። ከአንድ ቀን በፊት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አጤ ምኒልክ የአድዋን የክተት ዐዋጅ አስነግረዋል። ሁለቱን የሚያገናኝ ጉዳይ የለም፤ ወሬ ከሰው ጋር በሚጓዝበት ዘመን መሆናቸው ካልተቆጠረ በቀር። ዐዋጁን ለመስማት ነጋሪቱ በሚጎሰምበት ገበያ መገኘት፣ አዲስ ማሽን ለማየትም ባቡር ተሳፍሮ አትላንታ መውረድ ያስፈልግ ነበር። የዐውደ ርእይ ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የማይታየውን ማሳየት።

በ1976 ከተማዋ መሐል ጆርጂያ ወርልድ ኮንግረስ ሴንተር የተባለው ሰፊ አዳራሽ ሲከፈት አትላንታ ይህንን ጉልበት የዘወትር ገቢ ልታደርገው አስባ ነበር፤ ተሳካላትም። ከ1979 ጀምሮ ላስ ቬጋስ ላይ በየዓመቱ ይካሄድ የነበረው ኮምዴክስ፣ በ1980ዎቹ የጸደይ ትርዒቱን ለበርካታ ዓመታት ያካሄደው አትላንታ ነው። ስሙ ሲፈታ “የኮምፒውተር ነጋዴዎች ዐውደ ርእይ” ማለት ነው፤ ነጋዴዎች የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። አምራቹ ብዙ፣ ዕቃው እርስ በርሱ የማይግባባ፣ ገዢውም የሚገዛውን የማያውቅ በነበረበት ወቅት፣ በመካከል ቆሞ የትኛው ማሽን ከየትኛው አታሚ ጋር እንደሚሠራ የሚነግረው የየከተማው ሱቅ ባለቤት ነበር። ኮምዴክስ የተሠራው ለእሱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ፣ ብሮሹሩን ተሸክሞ፣ ትእዛዙን ሰጥቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ከዚያ ኦሎምፒክ መጣ። ኢትዮጵያውያን የአትላንታን 1996 የሚያስታውሱት በፋጡማ ሮባ ማራቶንና በኃይሌ ገብረሥላሴ አሥር ሺህ ሜትር ነው። ክብደት ማንሣቱና ትግሉ የተካሄደው ግን በዚያው አዳራሽ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ኢ-ስሪ የተባለው የቪዲዮ ጌም ትርዒት ከሎስ አንጀለስ ወደዚያው ተዛውሮ 1997ንና 1998ን አትላንታ አሳለፈ። ገና ገበያ ያልወጣውን የኔንቴንዶን ዜልዳ በእጁ ይዞ ለመሞከር የፈለገ የመጽሔት ጸሐፊ ቦታው ላይ መገኘት ነበረበት። ለወራት ብቻውን የሚያውቀው ነገር ይዞ ይመለሳልና መገኘቱ ዋጋ ነበረው።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። የኮምዴክስ መሥራች ሼልደን አደልሰን በ1995 ትርዒቱን ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሶፍትባንክ ሸጦ ፊቱን ወደ ቬጋስ ሆቴሎቹ አዞረ፤ ብልህ ሰው ነበር። የመጨረሻው ኮምዴክስ የተካሄደው በ2003 ነው። ኔንቴንዶ በ2011 አዲስ ጌሞቹን ራሱ በቪዲዮ ማስተዋወቅ ጀመረ፣ ሶኒ በ2019 ከኢ-ስሪ ቀረ፣ በማግሥቱ ዓመት ኮሮና በሩን ዘጋ። በታኅሣሥ 2023 ኢ-ስሪ ለዘለዓለም መቅረቱ ተነገረ።

“ኢንተርኔት ገደለው” ማለት ይቀናል። ከፊሉ እውነት ነው። ታዲያ የዶሮው ትርዒት ለምን አልሞተም? ኢንተርኔት ለዶሮ አርቢም ደርሷል። ሆኖም በየጥር ወሩ የዶሮ፣ የሥጋና የመኖ ኢንዱስትሪው ያንኑ የአትላንታ አዳራሽ ይሞላዋል፤ ጎብኚው ወደ 30 ሺህ ይጠጋል። የዶሮ ላባ የሚነቅል ማሽን ገዢ ሲዞር ማየት፣ ድምፁን መስማት፣ እጥበቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቆ ቴክኒሻኑን ዐይን ዐይኑን እያየ መልስ መቀበል ይፈልጋል። የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፣ ቢሳሳት ለዓመታት አብሮት የሚኖር ስሕተት ነው። የኮምፒውተሩ ትርዒት ግን ዕቃው ራሱ ስክሪን ሆነና በሌላ ስክሪን መታየቱ ምንም አላጎደለበትም። ከዚህም የባሰው፣ መካከለኛው ነጋዴ ጠፋ። ዴል በስልክ፣ ቀጥሎም በድረ ገጽ በቀጥታ ለገዢው መሸጥ ሲጀምር፣ ያ ብሮሹር ተሸካሚ ባለሱቅ ወደ አትላንታ የሚመጣበት ምክንያት አብሮ አለቀ።

መካከለኛውን ያስወገደው እጅ አዳራሹ በር ላይም ደርሷል። የአትላንታ ታክሲ ሾፌሮች መካከል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ትልቅ ጉባኤ ያለበት ሳምንት ለእነሱ የመኸር ሳምንት ነበር። ኤርፖርት ተሰልፎ ተራ መጠበቅ ያዋጣ ነበር። ኡበር ሲመጣ ተራውም ተራ አስከባሪውም ስልክ ውስጥ ገባ። ጎብኚው ዛሬም በሺህ ይመጣል፤ ሰልፉ ግን የድሮው ሰልፍ አይደለም።

አዲስ አበባም በበኩሏ አዳራሽ እየሠራች ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ኢቴክስ የተባለው የቴክኖሎጂ ኤክስፖ በአዲሱ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል ተካሂዷል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀድሞው ኤግዚቢሽን ማዕከል በበዓል ሰሞን ይጨናነቅ የነበረው ሰው የሚገዛው ነገር ስለነበረ ነው፤ ቅቤው ይሸተታል፣ ጫማው ይለካል። ሮቦት ለማየት የሚመጣው ወጣት ሮቦቱን ቀድሞ ቲክቶክ ላይ አይቶታል፤ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ቡና መቀሸሪያ ማሽን ሊገዛ ከጅማ የሚመጣ ነጋዴ ግን ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ መለዋወጫውስ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።