ፊደልን በዜማ ማወቅና በዓይን ማወቅ

ማንበብ የሚችል ሕፃንና የሚችል የሚመስል ሕፃን ጎን ለጎን ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢያነቡ፥ የሚለያቸው ሰው ጥቂት ነው። ወላጅማ ከቶ አይለያቸውም። እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ኀፍረት ነው።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በደራ ወረዳ በአንበሳሜ አካባቢ ባለ አንድ የፊደል ቤት መልእክተ ዮሐንስን ጨረሰ በተባልሁበት ወራት፥ እናቴ ከአዲስ አበባ ከወንድሟ የተላከ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «እስቲ ልጄ፥ አጎትህ ምን ይላል?» አለችኝ። ጎረቤቶች ከበቡን። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ዝም አልሁ። መልእክተ ዮሐንስን ያጠናሁት በጆሮዬ ነበርና፥ ዓይኔ በገጹ ላይ ሲመላለስ የኖረው ለይስሙላ ነው። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ደብዳቤውን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

የቀድሞ ሰዎች ይህን በሽታ የማያውቁት አልነበረም። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት አለው፤ ከእነዚህ 26ቱ የግእዝ ሲሆኑ፥ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ኸ፥ ዠ፥ ጀ እና ጨ ለአማርኛ የተጨመሩ ናቸው። እያንዳንዱም ከግእዝ እስከ ሳብዕ 7 መልክ ስላለው በጠቅላላው 231 ይሆናል። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ በዜማ ሲወርድ አፉ ከስንደዶው ቀድሞ ይሮጣል፤ ስንደዶው «ሂ» ላይ ሳለ እርሱ «ሆ» ደርሷል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ግን ይይዘዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል በየእርምጃው ቤቱም መልኩም ይለወጣልና፥ የፊተኛው ዜማ አይረዳውም። እርግጥ ነው፥ አቡጊዳም በተደጋገመ ጊዜ ራሱ ዜማ ይሆናል። ስለዚህ ብልህ መምህር ተራውን ትቶ፥ አንዴ ከግርጌ አንዴ ከመካከል እየጠቆመ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ወደ መልእክተ ዮሐንስ ሲሻገርም ንባቡ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ቁጥር ነው፤ ፊደሉ አንድ በአንድ እየተጠራ ይነበባል። ከዚያ ግእዝ፥ ከዚያ ውርድ ንባብ ይከተላል፤ በመጨረሻም ተነሽና ወዳቂው፥ ሰያፉና ተጣዩ የሚለይበት ቁም ንባብ ይመጣል። እኔን የጎዳኝ በቁጥሩ ላይ መቸኮሌ ነው። የኔታ የሚያስተምሩት ሕፃን ብዙ ነበርና እኛን ታናናሾቹን ለአንድ ከፍ ላለ ልጅ ሰጡን። እርሱ መስመሩን ይላል፥ እኛ እንደግማለን፤ ሁላችንም «ጎበዝ» ተባልን።

ሌላም ምክንያት አለ። በግእዝ የሚያነብ የገበሬ ልጅ የሚያነበውን አያውቀውም። ልጅ በአፍ በፈታበት ቋንቋ ሲያነብ ቢሳሳት፥ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ትርጉሙ ይመልሰዋል። በማያውቀው ቋንቋ ግን የሚመልሰው የለም፤ የተሳሳተውም የቀናውም በጆሮው አንድ ነው። ይህን ስል የቤተ ክህነቱን ትምህርት ለመንቀፍ አይደለም፤ አገሪቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጸሐፊና አንባቢ ያገኘችው ከዚያው ነውና።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ አዲሱ ትምህርት እየሰፋ ሄደ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ማንበብ ተማሩ። ታዲያ ትርጉሙ ከገባ በሽታው ለምን አልጠፋም? በ2002 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጭምር ያለበት የንባብ ምዘና በተደረገ ጊዜ፥ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ተገኙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል! እንደ እኔ አስተያየት የብራናውን ቦታ ጥቁር ሰሌዳ ወሰደው እንጂ፥ ክፍሉ በአንድነት መምህሩን ተከትሎ መጮኹ አልቀረም። በጩኸቱ መካከል ዝም ያለውን ዓይን የሚያይ የለም።

ያን ደብዳቤ በማግስቱ ያነበበልን አንድ ዲያቆን ነው። አጎቴ ታሞ ነበር። ዲያቆኑ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን አልመለሰም፤ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ፥ ቀሪውን በመዳፉ እየሸፈነ፥ ፊደሉን አንድ በአንድ ያስለየኝ ጀመር። የመጀመሪያዋን ቃል እስክይዝ ፀሐይ አዘቀዘቀ። «ይድረስ» የሚል ነበረ።